በአየር የሚነፋ ባለሞተር የቀዘፋ ሰሌዳ፤ አገጣጠሙና አያያዙ

የጣና ባለታንኳ ከደንገል የሠራውን ታንኳ ከውኃ ባወጣው ጊዜ በፀሐይ እንዲደርቅ ያቆመዋል፤ ደንገል ውኃ ከጠጣ ይከብዳል፥ ይበሰብሳልምና። ታንኳን ገንዘብ ማድረግ ጥበቃውንም መቀበል ነው። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በበጋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሐይቅ ሲወርዱ የሚያዩት በአየር የሚነፋ ባለሞተር ሰሌዳም ከዚህ ደንብ አይወጣም። ስለዚህ ለመግዛት ላሰቡ ቤተሰቦች የሚጠቅመውን በአጭሩ እንገልጻለን።

ሰሌዳው ተጠቅልሎ በጀርባ በሚታዘል ሻንጣ ይገባል፤ ሲነፋ ግን ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል፥ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንደ ኳስ ሳይድበለበል ጠፍጣፋ ሆኖ የሚጠነክረው የላዩንና የታቹን ጨርቅ በሺህ የሚቆጠሩ ክሮች አያይዘው ስለሚይዙት ነው። ጉድይር የተባለው የአሜሪካ የጎማ ኩባንያ በ1956 እ.ኤ.አ. ባበረረው በአየር በሚነፋ አውሮፕላን ላይ በዚሁ ዓይነት ጨርቅ ተጠቅሞ ነበር።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ሰሌዳው ድንጋይና እሾህ በሌለበት ስፍራ ይዘረጋል። የቫልቩ መርፌ ወደ ላይ መነሣቱ ይታይ፤ ተጭኖ ከቀረ ፓምፑ ሲነቀል አየሩ ይወጣልና። ግፊቱ አምራቹ እስከ ወሰነው ልክ፥ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ. ድረስ ይሞላ። በመጨረሻ ክንዳቸው ሲዝል የሚተዉት ብዙዎች ናቸው፤ በሚገባ ያልተነፋ ሰሌዳ ግን ከወገቡ ይጎብጣል፥ የቆመበትንም ሰው ሚዛን ያሳጣል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በክንፉ ቦታ ይገባል፤ ባትሪው መጨረሻ ላይ ይያያዛል።

ትልቁ አደጋ ነፋስ ነው። ሰሌዳው ቀላል ስለሆነ ነፋስ ከዳር ወደ መካከል ሲነፍስ እንደ ገለባ ይወስደዋል። ስለዚህ ሲወጡ ነፋሱን ፊት ለፊት መግጠም፥ የባትሪው ሲሶ ሳያልቅ ፊትን ወደ ዳር መመለስ፥ ሞተር አለ ተብሎም መቅዘፊያውን አለመተው ብልህነት ነው። የወደቀ ሰው ሰሌዳውን ለቆ ወደ ዳር ልዋኝ አይበል፤ ከእግሩ ጋር የሚታሰረው ገመድ የተሠራው ከሰሌዳው እንዳይለይ ነው።

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመዋኛና ከማዕበል መንሸራተቻ ስፍራ ውጭ ያለውን የቀዘፋ ሰሌዳ እንደ ጀልባ ስለሚቆጥረው፥ ለእያንዳንዱ ሰው ተንሳፋፊ ሰደሪያ ግዴታ ነው። ሞተር ሲጨመርበት በብዙ ክፍላተ ሀገር መመዝገብም ስለሚያስፈልግ፥ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ከጨው ውኃ የወጣ ሞተር በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ባትሪው ለክረምት ሲቀመጥ በግማሽ ያህል ተሞልቶ ከሙቀት ይራቅ። ወደ አገር ቤት ልውሰደው የሚልም ይወቅ፤ ከ160 ዋት ሰዓት የሚበልጥ የሊትየም ባትሪ በመንገደኞች ሻንጣ አይፈቀድም፥ የብዙዎቹ ሰሌዳዎች ባትሪም ከዚህ ይበልጣል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት የልጆቻችሁን ሰደሪያ ግዙ። ሞተር ቢቆም መቅዘፊያ አለ፤ መቅዘፊያም ቢወድቅ ሰው በሰደሪያው ተንሳፍፎ ረዳት እስኪደርስለት ይቆያል።