ካሜራው፣ ኦቢኤስና ቅኔ ማኅሌቱ

በእሑድ ሌሊት ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቅኔ ማኅሌት ከመግባታቸው በፊት፣ ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጫማቸውን አውልቀው፣ በበሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍተው፣ ኬብሉም ሰው እንዳያደናቅፍ በምንጣፉ ጠርዝ ሥር እየደበቁ ሲያሰናዱ ያየ ሰው፣ ይህ ሁሉ ድካም ለማን እንደሆነ ይጠይቅ ይሆናል። ድካሙ በዐይን ለማይታዩ ሰዎች ነው። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት የቤቱ ሰው ሳይነሣ ስልኳን በማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አቁማ የምትጠብቀው ይህንኑ ሰዓት ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ሽማግሌም፣ እኛ ዘንድ የእሑድ ሌሊት የሆነው በእርሱ ዘንድ ገና የቅዳሜ ምሽት ሲሆን፣ ከልጆቹ መካከል ተቀምጦ ማኅሌቱን ይከታተላል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ፣ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ትንሣኤ ብዙ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥንና በስልክ ካከበሩ ወዲህ፣ ቀድሞ የጥቂቶች ብቻ የነበረው ይህ አገልግሎት በየደብሩ የወጣቶች ሥራ ሆኗል።

ለዚህ ሥራ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ሶፍትዌር በአጭሩ ኦቢኤስ ይባላል። ሂዩ ቤይሊ የተባለ የፕሮግራም ጸሐፊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ያወጣው ይህ መሣሪያ በመጀመሪያ የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ጨዋታቸውን በቀጥታ ለሌሎች እንዲያሳዩበት የታሰበ ነበር፤ ኋላም ከመሠረቱ እንደ ገና ተጽፎ፣ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ተብሎ፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ እንዲሠራ ተደረገ። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ የተጻፈበት ኮድም ለሁሉ ክፍት ስለሆነ ዕውቀቱ ያለው ሁሉ መርምሮ ሊያሻሽለው ይችላል። ቀድሞ የቴሌቪዥን ጣቢያ በመኪና ጭኖ ያመጣው የነበረውን የሥዕልና የድምፅ ማቀናበሪያ፣ ገንዘብ የሌለው የገጠር ደብር እንኳ በአንድ ላፕቶፕ ላይ በነጻ እንዲያገኘው ያደረጉትን ሰዎች ሳላመሰግን ማለፍ አልወድም።

ነገሩ ከካሜራው ይጀምራል። ካሜራው ሥዕሉን በኤችዲኤምአይ ኬብል ያወጣል፤ የላፕቶፑ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ግን ሥዕል ያወጣል እንጂ አያስገባም፤ ስለዚህ ካፕቸር ካርድ የሚባል ትንሽ ዕቃ በመካከላቸው ገብቶ ሥዕሉን በዩኤስቢ በኩል ለኮምፒዩተሩ ያስረክባል። በዚህ ጊዜ የባትሪው ምልክትና የፎከሱ ሳጥን ከሥዕሉ ጋር አብረው ወጥተው በካህኑ ፊት ላይ እንዳይታዩ በካሜራው ሜኑ ውስጥ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ካሜራው ሥራ የፈታ መስሎት ራሱን በራሱ የሚያጠፋበትን ልማድም እንዲሁ። ፎከሱም በእጅ ይሁን፤ የዕጣኑ ጢስ በተነሣ ቁጥር አውቶማቲክ ፎከስ ጢሱን ልከተል ወይስ ሰውየውን እያለ ይዋዥቃልና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ያስቸገረን የመብራቱ ነገር ነበር። ካሜራችን በአሜሪካ የሚኖሩ የደብራችን ልጆች የላኩት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ቀን በከፈትነው ጊዜ ጥቁር ጥላ በሥዕሉ ላይ እንደ ማዕበል ከላይ ወደ ታች ሲወርድ አየን፤ ኬብሉን ለወጥን፣ ካፕቸር ካርዱን ለወጥን፣ ጥላው ግን አልለቀቀንም። ምክንያቱ በኋላ ተገለጠልን። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ የእኛ ግን 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አምፖሎቻችን ዐይናችን በማይደርስበት ፍጥነት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉም፤ በ60 የተቃኘው ካሜራ ደግሞ ከዚህ ምልልስ ጋር ስለማይገጥም አንዱን የሥዕል ክፍል በድምቀቱ፣ ሌላውን በድብዘዛው ይይዘዋል። ሜኑውን በ60 ከሚሠራው ከኤንቲኤስሲ በ50 ወደሚሠራው ወደ ፓል አዙረን፣ ሥዕሉን በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን 1/50 ብናደርገው ጥላው በዚያው ቅጽበት ጠፋ፤ ኦቢኤስንም በዚያው በ25 ላይ አቆምነው።

አሁን ወደ ዋናው ወደ ኦቢኤስ አሠራር እንግባ። ኦቢኤስ ሁሉንም ነገር በሁለት ነገሮች ይሠራል፤ አንደኛው ሲን ወይም ትዕይንት ነው፤ ሁለተኛው በትዕይንቱ ውስጥ የሚደረደረው ምንጭ ነው። ካሜራ ምንጭ ነው፤ ሥዕል ምንጭ ነው፤ ጽሑፍም እንዲሁ። ምንጮቹ እንደ ልብሰ ተክህኖ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባሉ፤ በዝርዝሩ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ከካሜራው በላይ ካልተቀመጠ፣ ቢጻፍም አይታይም። ትዕይንቶቹን በካሜራ ቁጥር ለማዘጋጀት የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ማዘጋጀት ይገባል ባይ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብላ በሦስት እንደምትከፈል፣ የእኛም ትዕይንቶች በዚያው መጠን ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ቆመው የሚያዜሙበትን ሰፊውን ቦታ ያሳያል፤ ሁለተኛው መልእክታቱና ወንጌሉ የሚነበቡበትን ስፍራ ከቅርብ ይይዛል፤ ሦስተኛው ግን ካሜራ የለውም። መጋረጃው በተጋረደ ጊዜ ካሜራ ሊያይ የሚገባው ነገር ስለሌለ፣ በዚያ ሰዓት የሚታየው አንድ ቅዱስ ሥዕልና ከሥሩ የሚጻፈው የጸሎቱ ስም ብቻ ነው።

ስቱዲዮ ሞድ የሚባለውን ክፍል የከፈተ ሰው በስክሪኑ ላይ ሁለት መስኮት ያገኛል፤ በግራው ቀጥሎ የሚመጣው ይሰናዳል፤ በቀኙ አሁን ለሕዝብ የሚታየው ይቆማል፤ የመሸጋገሪያውን ቁልፍ ሲጫኑት ግራው ወደ ቀኝ ያልፋል። ነገር ግን ቁልፉን መጫን መቼ እንደሚገባ ሶፍትዌሩ አያውቅም። ይህን ያስተማሩን መሪጌታችን ናቸው። ከወጣቶቹ አንዱ፣ «መሪጌታ፣ ከበሮው ሲመታ ሁልጊዜ እንዘገያለን፤ ምን ምልክት አለው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ አንተ ከበሮውን ትጠብቃለህ፤ እኔ ግን ቁሙ ሲያልቅ ዝማሜ እንደሚመጣ፣ ከዝማሜውም መረግድ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ዜማውን ተከተል፤ ከበሮው አያመልጥህም» አሉት። ከዚያ ወዲህ በጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ልጅ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ አስቀድሞ የማኅሌቱን ሥርዓት የተማረ እንዲሆን ወሰንን። ኦቢኤስን ልጁ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል፤ ሥርዓቱን ለማወቅ ግን ዓመታት ያስፈልጉታል።

ተደራቢው ጽሑፍ፣ ወጣቶቹ ኦቨርሌይ የሚሉት፣ ጀርባው ግልጽ ሆኖ በተሠራ ፒኤንጂ ሥዕል ላይ ይቆማል፤ ሥዕሉ ከስርጭቱ ስፋት ጋር እኩል፣ ለምሳሌ 1280 በ720 ሆኖ ቢዘጋጅ አይደበዝዝም። ጽሑፉ ራሱ ከተራ የጽሑፍ ፋይል እንዲነበብ ማድረግ ይቻላል፤ አንዱ ልጅ በፋይሉ ላይ ያለውን ለውጦ ባስቀመጠው ጊዜ፣ በስክሪኑ ላይ ያለውም አብሮ ይለወጣል። እኛ በላይኛው መስመር የሚዜመውን በግዕዝ፣ በታችኛው ትርጓሜውን በአማርኛ እንጽፋለን፤ በዚህ ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን ቅዳሴ ያስቀደሱ ሰዎች የሰሙትን ቃል ትርጉም በመጀመሪያ ጊዜ አገኘነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ ሥራ ሁሉ ልቤን የሚያስደስተው ይህ ነው። በፊደሉ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ፊደሎች የተተየበ የቆየ ጽሑፍ በኦቢኤስ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣልና፣ እንደ ገና በኒያላ፣ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ መጻፍ ግድ ነው። መጠኑም በላፕቶፑ ላይ ሳይሆን በስልክ ላይ ተፈትኖ ይወሰን፤ በማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ካለችው ስልክ ፊደሉ ካልተነበበ፣ ባይጻፍ ይሻል ነበር። በቅዳሴ ሰዓት የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ማስታወቂያ በሥዕሉ ላይ ከሚያሯሩጡት ጋር አልስማማም፤ ለዚያ ከቅዳሴ በኋላ ሰዓት አለ።

ድምፁ ከሥዕሉ ይበልጥ ይከብዳል፤ ሥዕሉ ቢቋረጥ ሰው ጆሮውን አቅንቶ ይቆያል፤ ድምፁ ከተበላሸ ግን ይዘጋዋል። በቁም ዜማ ጊዜ አንድ ሊቅ በዝግታ ያዜማል፤ በጽፋት ጊዜ ግን ከበሮው፣ ጸናጽሉና ጭብጨባው በአንድነት ይነሣሉ። ድምፁን በቁሙ መጠን ያስተካከለ ሰው ጽፋቱ ሲደርስ የኦቢኤስ መለኪያ ከአረንጓዴው ዘሎ፣ ከኔጌቲቭ 9 ዴሲቤል በላይ ባለው በቀዩ ውስጥ ገብቶ ሲሰነጠቅ ያያል፤ ስለዚህ ሙከራው በጽፋት ይሁን፤ ሊሚተር የሚባለውም ፊልተር በከበሮው ማይክሮፎን ላይ ይጨመር። አንድ ጊዜ ደግሞ የማራገቢያ ጩኸት ለማስወገድ ብለን የጩኸት ማጥፊያውን ፊልተር ከፈትነው፤ ማራገቢያው ጠፋ፤ እኛም ደስ ብሎን ሄድን። በሳምንቱ ከውጭ ሀገር የምትከታተል አንዲት እናት፣ «ሊቃውንቱ ጸናጽል መያዝ ተዉ እንዴ? እጃቸው ሲወዛወዝ አያለሁ፤ ድምፁ ግን የለም» ብላ ጻፈች። ፊልተሩ የሰውን ንግግር ከሌላው ድምፅ እንዲለይ የተሠራ ነውና፣ ጸናጽሉን ከማራገቢያው ጋር ቆጥሮ አጥፍቶት ኖሯል። ጥፋቱ የፊልተሩ ሳይሆን ያለ ቦታው ያስቀመጥነው የእኛ ነበር፤ ማራገቢያውን አጥፍተን ፊልተሩን አነሣነው።

ማይክሮፎኖቹ ከሚገናኙበት ከሚክሰሩ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ በካፕቸር ካርዱ በኩል ከሚመጣው ሥዕል ቀድሞ ይደርሳል። ይህን ለማወቅ ከበሮው ራሱ መልካም መፈተኛ ነው፤ ጥቂት ቀርጾ፣ ቅጂውን ፍሬም በፍሬም እየገፉ፣ እጁ ከበሮውን ሲነካና ድምፁ ሲሰማ ያለውን ልዩነት መቁጠር ነው። በ25 ፍሬም እያንዳንዱ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ፣ ድምፁ በአራት ፍሬም ከቀደመ በኦቢኤስ የድምፅ ማዘግያ ሣጥን ውስጥ 160 ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ የቀረው መላክ ነው። በ1280 በ720 ስፋት፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም የሚመጣው ሥዕል ሳይጨመቅ ቢላክ በሴኮንድ ወደ 553 ሚሊዮን ቢት ይሆናል፤ ይህን የሚሸከም ኢንተርኔት በአጥቢያችን ስለሌለ፣ ሥዕሉን የሚጨምቀው የኦቢኤስ ክፍል፣ ኢንኮደሩ፣ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ሙሉ ሥዕል እየያዘ፣ በመካከሉ ባሉት ፍሬሞች የተለወጠውን ብቻ እየመዘገበ፣ ወደ 2.5 ሚሊዮን ቢት ያወርደዋል። ጸጥ ብሎ የቆመ ካህን ለዚህ አሠራር ቀላል ነው፤ የዕጣን ጢስና የጧፍ ብርሃን ግን በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጡ ሥዕሉ በዚያ ሰዓት ቢሸራረፍ አያስገርምም። የሦስት ሰዓት አገልግሎት በዚህ መጠን 3.4 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ፓኬጅ የሚገዛ ሰው ይህን አስልቶ፣ ከማውረጃው ይልቅ የመላኪያውን ፍጥነት ለክቶ፣ ከለካውም ግማሹን ያህል ብቻ ቢጠቀም ከመቆራረጥ ይድናል። ለመብራት መጥፋት ዩፒኤስ ለላፕቶፑ ብቻ ሳይሆን ለኢንተርኔቱ ሳጥንና ለሚክሰሩም ይሁን። በዩቲዩብ የሚሰጠው የስርጭት ቁልፍ በምስጢር ይጠበቅ፤ ቁልፉን ያገኘ ሁሉ በደብሩ ስም ያሻውን ማሰራጨት ይችላልና። ቻናሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀጥታ ስርጭት የሚከፍት ሰውም እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቀው ስለሚችል ለበዓሉ ዋዜማ አይተወው።

እኛ የምናየውን በሩቅ ያለው ሰው በዚያው ቅጽበት አያየውም፤ ሥዕሉ ተጨምቆ፣ ተልኮ፣ በመንገድ ተጠራቅሞ እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ካህኑ ሕዝቡን ባርከው ካሰናበቱና ምእመናኑ ወደ በሩ ከተመለሱ በኋላ፣ በጠረጴዛው ያለው ልጅ ስርጭቱን ወዲያው አያቆምም፤ ካሜራ የሌለውን ሦስተኛውን ትዕይንት፣ ቅዱሱን ሥዕል፣ ያወጣና እጁን ከቁልፉ ላይ አንሥቶ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል፤ በሪያድ ማድ ቤት ውስጥ ቡራኬው ገና አልደረሰምና።