የቤንዚን መኪና ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ቢለወጥ ጭሱ ይጠራልን?

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚመላለሱት ባጃጆችና አሮጌ አውቶሞቢሎች የሚያቃጥሉት ቤንዚን ከውጭ የሚገዛ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢከለክልም፣ ቀደም ብለው የገቡት ገና ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል በካሉብ የአገራችን የመጀመሪያው የፈሳሽ ተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ተመርቋል። ታዲያ እነዚህ ተሽከርካሪዎች በጋዝ እንዲሠሩ ቢለወጡ የምንተነፍሰው አየር ይሻሻል ይሆን?

የካርቦን ሂሳብ

የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። አንድ የሚቴን ሞለኪውል 1 የካርቦንና 4 የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። ቤንዚን የብዙ ውሕዶች ድብልቅ ቢሆንም ኦክቴንን በወኪልነት ብንወስድ 8 የካርቦንና 18 የሃይድሮጅን አቶሞች እናገኛለን። ሃይድሮጅኑ ተቃጥሎ ውኃ፣ ካርቦኑ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም ሚቴን 50 ሜጋ ጁል ያህል ኃይልና 2.75 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ኦክቴን ግን 44 ሜጋ ጁልና 3.1 ኪሎ ግራም ያህል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሜጋ ጁል ሚቴን 55፣ ቤንዚን 70 ግራም ገደማ ይለቃሉ። ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

መርዛማዎቹ ጋዞችና የቦታው ከፍታ

ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚፈጠረው ነዳጁ በቂ አየር ሲያጣ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በባሕር ጠረፍ ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ካርቡረተሩ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ከማርሚታውም ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይወጣል። ጋዝ ግን መትነን ስለማያስፈልገው በቀዝቃዛ ጠዋት እንኳ ከአየር ጋር በደንብ ይዋሐዳል። በቤንዚን ውስጥ ያለው ካንሰር አምጪ ቤንዚንም ሆነ መሰል ውሕዶች በሚቴን ውስጥ ስለሌሉ ከጭሱ ውስጥ ይቀንሳሉ።

የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጉዳይ ግን ይለያል። እነዚህ የሚፈጠሩት አየሩ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን በከፍተኛ ሙቀት አማካይነት በመሆኑ ነዳጅ በመለወጥ ብቻ አይጠፉም። ጋዙም በሲሊንደሩ ውስጥ አንድ አሥረኛ ያህል ቦታ ስለሚይዝ የሞተሩ ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከአባይ ሸለቆ ወደ ደጀን የሚወጣ ሾፌር ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ያልተቃጠለው ሚቴን

ሚቴን ራሱ ብርቱ ሙቀት አማቂ ጋዝ ነው። በ100 ዓመት ሲሰላ አንድ ግራም ሚቴን የ30 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉዳት አለው። ለአንድ ሜጋ ጁል 20 ግራም ሚቴን ያስፈልጋል፤ ያተረፍነው 15 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እንግዲህ ከ20 ግራሙ ግማሽ ግራም ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 2.5 እጅ፣ ሳይቃጠል ቢያመልጥ ትርፉ በሙሉ ይጠፋል። ለቤንዚን የተሠራው ካታላይቲክ ኮንቨርተርም አይታደገንም፤ የሚቴን ሞለኪውል ጠንካራ በመሆኑ ለመሰባበር የበለጠ ሙቀት ይፈልጋልና።

የሕንድ ልምድ ይህን ያስረዳል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 የደልሂ አውቶቡሶች ወደ ተጨመቀ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲለወጡ አዘዘ፤ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎችም ተከተሉ። ይሁንና ባለ ሁለት ምት ሞተር አዲሱን ድብልቅ የሚያስገባው ያለፈው ጭስ ገና እየወጣ ሳለ ስለሆነ፣ ከጋዙ ብዙው ሳይቃጠል ያመልጥ ነበር። የሞተር ዘይቱም አብሮ ስለሚቃጠል ጭሱ አልጠፋም። ባለ አራት ምት ሞተር ከዚህ ችግር በእጅጉ የራቀ ነው።

ከዚህ የምንረዳው መለወጡ የሚጠቅመው ሞተሩ ጤነኛ ሲሆን፣ የጋዝና የአየሩ መጠን መኪናው በሚሠራበት ከፍታ ላይ ሲስተካከልና ማስተላለፊያው ሳያፈስ ሲቀር መሆኑን ነው። ይኸው ስሌት በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከከብት እበት ለሚዘጋጀው ባዮጋዝም ይሠራል፤ ከይዘቱ 60 በመቶ ያህሉ ሚቴን ነውና። ካርቦኑ የመጣው ከብቶቹ ከጋጡት ሣር ስለሆነ በአግባቡ ሲቃጠል ለከባቢ አየር አዲስ ሸክም አይሆንም፤ ከተሰነጠቀ ጉድጓድ ሲያፈስ ግን ጉዳቱ ከካሉቡ ጋዝ እምብዛም አይለይም።