ተጨዋቹ አጎቴ፦ ስለ መስማት አለመቻል የሚወራውና እውነታው

መስማት የተሳነው ሰው ሲያርፍ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚደጋገም ነገር አለ፤ «ምስኪን፣ በዝምታ ኖሮ በዝምታ ሄደ» ይባላል። አጎቴ ሲያርፍም ተባለ። የተናገሩት ሰዎች ከልባቸው አዝነው ነው፤ ነገሩ ግን እውነት አይደለም። አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከአንድ የስፌት መኪናና ከሁለት ዱካ በላይ ባትይዝም ደጃፏ ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ሳይጫወትና ሳይስቅ አይሄድም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ዝምተኛ አድርጎ ማስታወስ በደል ነው። ከበደሉ ጀርባ ደግሞ ለዘመናት ሲወራ የኖረ የተሳሳተ እምነት አለ።

«የእግዜር ቁጣ ነው» የሚለው አያቴን ዕድሜዋን ሙሉ አሸማቋታል፤ ጎረቤት «ምን ኃጢአት ሠርታ ይሆን?» እያለ ያማት ነበር። አጎቴ ግን ሲወለድ ይሰማ ነበር። ጆሮውን ያሳጣው በልጅነቱ የያዘው ማጅራት ገትር ነው። በሽታው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ከዘለቀ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡትን ጥቃቅን ህዋሳት ያጠፋል፤ እነዚህ ህዋሳት በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ኩፍኝ፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ እንደ ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶችም መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። በዘር ሲመጣም ብዙውን ጊዜ ወላጆቹ ራሳቸው የሚሰሙ፣ ዘረመሉን መሸከማቸውን እንኳ የማያውቁ ናቸው።

«ከንፈር ያነባል፤ ጮክ ብለህ ብቻ ንገረው» የሚሉም አሉ። ጩኸት የሞተ ህዋስ አያስነሳም፣ የአፍን ቅርጽ ግን ያዛባል። ከንፈር ማንበብም ቢሆን ግማሹ ግምት ነው። መስታወት ፊት ቆማችሁ ድምፅ ሳታወጡ «በላ» እና «መላ» በሉ፤ ልዩነት አይታይም። «ጠራ»፣ «ደራ» እና «ተራ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ቀ፣ ከ እና ገ ከአፍ ጀርባ ስለሚወጡ ጨርሶ አይታዩም። አጎቴ በዚህ ሁሉ መሃል ሰውን የሚረዳው ጨዋታው ስለ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ካወቀ ነበር።

ከሁሉም የሚከፋኝ «ምልክት እጅ ማወናጨፍ እንጂ ቋንቋ አይደለም» የሚለው ነው። ይህ የእኛ አገር ስሕተት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን የተሰበሰቡ መምህራን መስማት የተሳናቸው ልጆች በንግግር ብቻ እንዲማሩ ወስነው ምልክትን ከብዙ ትምህርት ቤቶች አስወጥተውታል። ዋሽንግተን በሚገኘው ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዊሊያም ስቶኪ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ለመላው ዓለም አንድ የምልክት ቋንቋ አለ ማለትም ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ስምን ወይም አዲስ ቃልን በጣት መጻፍ ሲያስፈልግ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያሳያል። ሀሁ እጅ ላይ አለ ማለት ነው! አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ይህን ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

አጎቴ ይህን ቋንቋ ያገኘው ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የቤት ምልክት ነበር፦ ውሃ፣ እንጀራ፣ ና፣ ሂድ። በዚህ ቀልድ አይቀለድም፤ የትናንትን ነገር ከነገ ጋር አያይዞ መተረክም ይከብዳል። ተጨዋችነቱ የተገለጠው ቋንቋ ካገኘ በኋላ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ይመሰክራል።

«መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቁጡ ናቸው» ተብሎም ይወራል። በምልክት ቋንቋ ፊት የሰዋስው አካል ነው፤ ቅንድብና ዓይን ጥያቄን ከመግለጫ ሊለዩ ይችላሉ። የማያውቅ ሰው ጥያቄውን እንደ ቁጣ ያነበዋል። ብቸኝነቱስ? አለ፤ ከጆሮ ግን አይመጣም። መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ቤተሰቡም ብዙውን ጊዜ ምልክት አያውቅም። ቡና ተፈልቶ ሁሉም ሲስቅ «ምን ተባለ?» ብሎ ሲጠይቅ «ተወው፣ ኋላ እነግርሃለሁ» የሚባል ሰው፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። አጎቴ እሑድ እሑድ ከምልክት ተናጋሪ ጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ ግን እስከ ማታ አይነሳም ነበር።

«ሙዚቃ አያውቅም» ያሉትም ሰርግ ላይ አላዩትም። የከበሮ ምት በወለልና በደረት ይሰማል፤ በተደረጉ የአንጎል ምርመራዎችም መስማት በተሳናቸው ሰዎች ዘንድ ድምፅን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ለንዝረት ምላሽ ሲሰጥ ታይቷል። አጎቴ ከከበሮው አጠገብ ቦታ ይይዛል፣ ጫማውን ያወልቃል። ከዚያ ትከሻው አያርፍም፤ ከጎጃም እስክስታ ወደ ጉራጌ ጭፈራ ሲታለፍ ከሰርገኛው ቀድሞ እግሩን የሚቀይረው እሱ ነበር።