ከሩቅ ሆኖ በአሜሪካ ገበያ መሸጥ፦ የድርጅቱ ወረቀትና ተከትሎት የሚመጣው ግዴታ

አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ተቀምጦ ቡና፣ በርበሬ፣ የሀገር ልብስ ወይም የቆዳ ቦርሳ ለአሜሪካ ገዢ በኢንተርኔት መሸጥ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ምክር «አሜሪካ ውስጥ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ክፈት» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ድርጅት ማስመዝገብ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው፤ በአንዳንድ ግዛቶች በአንድ ቀን ያልቃል፤ ዜግነት፣ የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ ቪዛ አይጠየቅበትም። ከዚያ በኋላ ግን የግብር ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የፌዴራልና የግዛት ግብር እንዲሁም ዕቃውን በጉምሩክ የማሳለፍ ጉዳይ ይከተላል። እያንዳንዱ የተለየ መሥሪያ ቤት፣ የተለየ ሕግና የተለየ ቅጣት አለው። አንዱን በር ያለፈ ሰው ሌሎቹም ተከፈቱለት ማለት አይደለም። ብዙ ትጉ ወጣቶች ገንዘባቸውን የሚያጡት ይህን ባለማወቅ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ማየት ተገቢ ነው።

ድርጅቱ ያስፈልጋል ወይ?

አማዞን ከብዙ አገሮች የሚመጡ ሻጮችን በገዛ አገራቸው ድርጅት ስም ይመዘግባል፤ የአሜሪካ ኩባንያ ግዴታ አይደለም። ቡናውን በጅምላ ለአሜሪካ አስመጪ የሚሸጥ ላኪም የአሜሪካ ድርጅት ሳያቋቁም መነገድ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሻጩን ወደዚህ መንገድ የሚገፋው የክፍያ ችግር ነው። የካርድ ክፍያ ከሚቀበሉት ትልልቅ አገልግሎቶች አንዱ የሆነው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ንግድ በቀጥታ አይሠራም። ስለዚህ የራሱን ድረ ገጽ ከፍቶ ከገዢው ካርድ ላይ ክፍያ መቀበል የሚፈልግ ሰው አገልግሎቱ በሚሠራበት አገር ድርጅት ይፈልጋል። ስትራይፕ ራሱ ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አትላስ የተባለ፣ የውጭ ነጋዴ በአሜሪካ ድርጅት እንዲያቋቁም የሚረዳ አገልግሎት ጀምሯል። ምክንያቱ ክፍያ ከሆነ ጥያቄው ግልጽ ነው፦ ከክፍያው የሚገኘው ጥቅም ከዚህ በታች ያለውን ወጪና ግዴታ ይሸከማል ወይ?

የት ግዛት?

በአሜሪካ ኩባንያ የሚመዘግበው ግዛት እንጂ የፌዴራል መንግሥት አይደለም። የኤልኤልሲን ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣችው ዋዮሚንግ ናት፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1977 ነበር። ቅርጹ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው ግን የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ኤልኤልሲ እንደ ሽርክና ግብር ሊከፍል እንደሚችል ከወሰነ በኋላ ነው። የዴላዌር ዝና ደግሞ ከ1899ኙ የኩባንያ ሕጓና የንግድ ክርክር ከሚያየው ልዩ ፍርድ ቤቷ የመጣ ነው። ይህ ፍርድ ቤት ለትልልቅ ኩባንያዎችና ከባለሀብቶች ካፒታል ለሚያሰባስቡ ጀማሪዎች ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ባለቤት ላለው የመስመር ላይ ሱቅ ግን የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ለትንሽ ሻጭ ልዩነቱ በዓመታዊ ወጪው ላይ ይታያል። የዴላዌር ኤልኤልሲ በየዓመቱ እስከ ሰኔ 1 (በፈረንጆቹ) 300 ዶላር ይከፍላል። ዋዮሚንግ ቢያንስ 60 ዶላር ታስከፍላለች። ኒው ሜክሲኮ ከኤልኤልሲ ዓመታዊ ሪፖርት አትጠይቅም። ካሊፎርኒያ ግን በዓመት ቢያንስ 800 ዶላር ትጠይቃለች፤ በሌላ ግዛት የተመዘገበ ድርጅትም እዚያ ሥራ ከሠራ ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ድርጅቱን በዋዮሚንግ አስመዝግቦ ዕቃውን ሎስ አንጀለስ ባለ ዘመድ ቤት እያሸጉ የሚልኩ ሰዎች በሁለት ግዛቶች ፊት ኃላፊነት አለባቸው።

እያንዳንዱ ድርጅት በተመዘገበበት ግዛት የፍርድ ቤት መጥሪያና የመንግሥት ደብዳቤ የሚቀበልለት ወኪል ሊኖረው ይገባል። በዊልሚንግተን ዴላዌር፣ ኖርዝ ኦሬንጅ ጎዳና ቁጥር 1209 ያለው ዝቅ ያለ ሕንፃ ከ200,000 ለሚበልጡ ድርጅቶች ሕጋዊ አድራሻ ሆኖ ያገለገለው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም የወኪል አድራሻ የንግድ አድራሻ አይደለም፤ ባንኮች ብዙውን ጊዜ አይቀበሉትም። የወኪሉን ዓመታዊ ክፍያ ያቋረጠ ሰው ደግሞ ክስ ቢመሠረትበት እንኳ ሳይሰማ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል።

የግብር ቁጥርና የባንክ ሒሳብ

ድርጅቱ ኢአይኤን የተባለውን የአሠሪ መለያ ቁጥር ከአይአርኤስ ያወጣል። ቁጥሩ በነፃ ይሰጣል፤ ደላላ የሚጠይቀው ገንዘብ የጉልበት ዋጋ ብቻ ነው። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የግለሰብ ግብር ከፋይ ቁጥር የሌለው ሰው በኢንተርኔት ማመልከት ስለማይችል ኤስኤስ-4 የተባለውን ቅጽ በፋክስ ወይም በፖስታ ይልካል፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለ አመልካች በስልክም ማመልከት ይችላል።

እዚህ ላይ በእኛ ሰዎች ዘንድ የተለመደ አቋራጭ አለ፦ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለ የአጎት ልጅ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ እንዲያወጣ ማድረግ። ይህ ከመተዛዘን የመነጨ ቢሆንም አደገኛ ነው። በመዝገቡ ላይ የድርጅቱ ተጠሪ ያ ዘመድ ይሆናል፤ ድርጅቱ ላላስገባው ሪፖርትና ላልከፈለው ግብር ሊጠየቅ የሚችለው እሱ ነው። በእውነት ባለድርሻ ከተደረገ ደግሞ የድርጅቱ የግብር ዓይነት ይለወጣል፤ ባለቤቱ አንድ የነበረ ኤልኤልሲ ሽርክና ሆኖ በየዓመቱ መጋቢት አጋማሽ ላይ የራሱን ሪፖርት ማቅረብ፣ ከውጭ አገሩ ባለድርሻ የትርፍ ድርሻም ግብር ቀንሶ ማስቀረት ሊኖርበት ይችላል።

ባንክ በአሜሪካ ሕግ የደንበኛውን ማንነት ማረጋገጥ አለበት፤ ግዴታው ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የፓትሪዮት ሕግ ጠንክሯል። ብዙ ትልልቅ ባንኮች ባለቤቱ በአካል እንዲቀርብ ይጠይቃሉ። በመስመር ላይ የሚከፍቱት እንደ ሜርኩሪ ያሉ የፋይናንስ ቴክኖሎጂ ድርጅቶች ራሳቸው ባንክ ሳይሆኑ ከባንክ ጋር የሚሠሩ ናቸው፤ የሚቀበሏቸውን አገሮች ዝርዝርም ይለዋውጣሉ። እንዲህ ያሉ ድርጅቶችን ከባንክ ጋር የሚያገናኘው ሲናፕስ በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ሲከስር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ገንዘባቸውን ማውጣት አቅቷቸው ነበር፤ የክስረቱ ባለአደራ ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር ጉድለት መኖሩን ለፍርድ ቤት አሳውቃለች። ለነጋዴ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የሽያጩን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ሒሳብ አያከማች።

የፌዴራሉ ግብር

አንድ የውጭ ዜጋ ብቻውን የያዘው ኤልኤልሲ ለፌዴራል ገቢ ግብር ሲባል ከባለቤቱ ተለይቶ አይታይም። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው «ሽያጭ ከሌለ ሪፖርት የለም» ብለው ይደመድማሉ። ይህ ከፍተኛ ዋጋ የሚያስከፍል ስሕተት ነው። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ያለው ድርጅት ከባለቤቱ ጋር ያደረገውን የገንዘብ እንቅስቃሴ 5472 በተባለው ቅጽ፣ ከ1120 ቅጽ ሽፋን ጋር በየዓመቱ ያሳውቃል። ባለቤቱ ለማቋቋሚያ ያስገባው ገንዘብ ራሱ የሚመዘገብ እንቅስቃሴ ነው። መደበኛው የጊዜ ገደብ ሚያዝያ 15 (በፈረንጆቹ) ሲሆን፣ ላላቀረበ ሰው ቅጣቱ 25,000 ዶላር ነው። አንድ ሳንቲም ግብር የሌለበት ሰው ይህን ቅጣት ሊቀጣ ይችላል።

ግብር ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። መልሱ ሻጩ «በአሜሪካ ንግድ እየሠራ ነው» ይባላል ወይ በሚለው ይወሰናል። ሁሉን ነገር ከአገሩ ሆኖ የሚያከናውንና በአሜሪካ ሠራተኛም ሆነ በስሙ የሚዋዋል ጥገኛ ወኪል የሌለው ሰው አንድ ደረጃ ላይ ነው፤ ዕቃው በአሜሪካ መጋዘን ተከማችቶ ከዚያ የሚሸጥለት ሌላ ደረጃ ላይ ነው። በዚህ መስመር ላይ ባለሙያዎችም ይከራከራሉ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም፤ ከአፍሪካ ይህ ስምምነት ያላቸው ግብፅ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ስምምነት ያላቸው አገሮች ነጋዴዎች ቋሚ የንግድ ሥፍራ ከሌላቸው የሚያገኙት ከለላ ለኢትዮጵያዊ የለም። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ የጥንቃቄ ሪፖርት ማስገባት ብልህነት ነው፤ በወቅቱ ያላስገባ ሰው በኋላ ግብር ቢጠየቅ ወጪዎቹን የመቀነስ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ከኤልኤልሲ ይልቅ ሲ-ኮርፖሬሽን፣ ማለትም ከባለቤቱ ተለይቶ ራሱ ግብር የሚከፍል ኩባንያ፣ የሚመርጥ ሰው ሒሳቡን አስቀድሞ ይሥራ። ኩባንያው ከ100 ዶላር ትርፍ 21 ዶላር ለፌዴራል ይከፍላል። የቀረው 79 ዶላር ለኢትዮጵያዊው ባለቤት በትርፍ ድርሻ ሲከፋፈል ስምምነት ስለሌለ 30 በመቶ ይቀነስበታል፤ በእጁ የሚገባው 55 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነው። የግዛት ግብር ገና አልተነካም።

የግዛቶች የሽያጭ ግብር

የአሜሪካ የሽያጭ ግብር የግዛቶች ነው፤ አላስካ፣ ዴላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሻየርና ኦሬገን በግዛት ደረጃ አያስከፍሉም። ለብዙ ዓመታት አንድ ግዛት ግብር እንዲሰበስብለት ማስገደድ የሚችለው በግዛቱ በአካል የሚገኝን ሻጭ ብቻ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 21 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) በሳውዝ ዳኮታ ግዛትና በመስመር ላይ ቸርቻሪው በዌይፌር መካከል በነበረው ክርክር በ5 ለ4 ድምፅ ያን ገደብ አነሣው። የሳውዝ ዳኮታ ሕግ መለኪያ በዓመት 100,000 ዶላር ሽያጭ ወይም 200 ግብይት ነበር፤ ሌሎች ግዛቶችም በአብዛኛው ተመሳሳይ መጠን ያዙ።

በአማዞንና በመሰል ገበያዎች ለሚሸጥ ሰው መልካሙ ነገር ግብሩን ሰብስቦ የማስገባት ግዴታ በገበያው ባለቤት ላይ መውደቁ ነው። በራሱ ድረ ገጽ የሚሸጥ ግን የየግዛቱን ሽያጭ ራሱ ይቆጣጠራል። ዕቃ በመጋዘን ማስቀመጥም፣ ሽያጩ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ በዚያ ግዛት ግዴታ ሊፈጥር ይችላል።

ዕቃውና ስሙ

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዋጋው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ጥቅል ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር። ይህ መብት ከግንቦት 2 ቀን 2025 ጀምሮ ለቻይና ዕቃ፣ ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም አገር ተቋርጧል (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። አንድ ነጠላ ወይም ሁለት ከረጢት ቡና ለየገዢው በፖስታ እየላከ ይሠራ የነበረ ሻጭ ሒሳቡን እንደገና ማየት አለበት። ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአፍሪካ ዕቃዎች ከቀረጥ ነፃ መግቢያ ከሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ፣ ከአጎዋ፣ መውጣቷም የልብስና የቆዳ ሻጮችን ነክቷል። በጅምላ የሚያስገባ ሰው በጉምሩክ ፊት ተጠያቂ አስመጪ መሰየም አለበት፤ የውጭ ድርጅት ራሱ አስመጪ መሆን ቢችልም ዋስትና ማስያዝና በአሜሪካ ነዋሪ የሆነ ወኪል መሾም ይጠበቅበታል።

ምግብ ተጨማሪ በር አለው። በርበሬ፣ ሽሮ ወይም የተቆላ ቡና የሚያዘጋጅ ተቋም በምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ፣ በኤፍዲኤ፣ ተመዝግቦ የአሜሪካ ወኪል ይሰይማል፤ ጭነቱ ከመድረሱ በፊትም ማስታወቂያ ይላካል። በሀገር ልብስ ላይ የክሩ ዓይነትና የተሠራበት አገር መጻፍ አለበት። እነዚህን ያላሟላ ዕቃ ድርጅቱ የቱንም ያህል በትክክል ቢመዘገብ ወደብ ላይ ሊያዝ ይችላል።

የንግድ ምልክት ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ኢትዮጵያ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ገጥሟት ነበር፤ በ2007 ግን ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። አገር ለስሟ የታገለችበትን ገበያ የግል ሻጭም ያለ ስም ሊገባበት አይገባም። ከነሐሴ 3 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መኖሪያው ከአሜሪካ ውጭ የሆነ አመልካች የአሜሪካ ፈቃድ ባለው ጠበቃ መወከል ስላለበት ይህ ወጪ ከመጀመሪያው በዕቅድ ይያዝ።

አገር ቤት ያለው ግዴታ

የአሜሪካው ድርጅት የኢትዮጵያን ሕግ አያስቀርም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የኢትዮጵያ ነዋሪ በዓለም ዙሪያ ከሚያገኘው ገቢ ግብር ይከፍላል፤ በውጭ የከፈለው ግብር በተወሰነ መጠን ይታሰብለታል። በውጭ አገር ሒሳብ መክፈትና ገንዘብ ማስቀመጥም በብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ይገዛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ ላኪው ካገኘው ምንዛሪ ግማሹን በራሱ ሒሳብ እንዲይዝ ፈቅዶ ስለነበር በሕጋዊ መንገድ መላክ ከበፊቱ የተሻለ ትርፍ አለው። የአሜሪካ ድርጅት ከመክፈት በፊት ከባንክ ጋር መነጋገር ይገባል።

ድርጅት መያዝ አሜሪካ የመኖር ወይም የመሥራት መብትም አይሰጥም። ሆኖም ብዙዎች የማያውቁት አንድ በር አለ። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1951 የፈረሙትና በ1953 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ የዋለው የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ስምምነት ኢትዮጵያውያንን ለነጋዴና ለባለሀብት ቪዛ ብቁ አድርጓል። ቪዛው እውነተኛና ከፍ ያለ የገንዘብ መዋጮ ወይም ንግድ ይጠይቃል፤ ባዶ ኤልኤልሲ አይበቃውም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ራሱ ምክር ነው። መጀመሪያ ዕቃው ቀረጡንና የኤፍዲኤን መስፈርት ችሎ ያተርፍ እንደሆነ ይጣራ፤ ቀጥሎ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ ገብቶ በምን ሕግ ወደ አገር እንደሚመለስ ይታወቅ፤ ከዚያ የ5472ን ቅጽ የሚሞላ የሒሳብ ባለሙያ ይገኝ፤ ምዝገባው በመጨረሻ ይምጣ። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው አንዳንድ ጊዜ ድርጅቱ እንደማያስፈልገው ያውቃል፤ ያም ትርፍ ነው። አስፈላጊ ሆኖ ያገኘው ደግሞ ግዴታውን ዐውቆ ይጀምራል። የንግድ ምክር ቤቶቻችን፣ የሒሳብ ባለሙያዎቻችንና በአሜሪካ ያሉ የሕግ አዋቂዎቻችን ይህን ዕውቀት በአማርኛ አዘጋጅተው ቢያቀርቡ፣ ወጣቱ በደላላ ቃል ብቻ ተማምኖ ወደማያውቀው ግዴታ አይገባም ነበር።