ብረትን ከትከሻ ወደ ላይ ስለ ማስፈንጠር

ከባድ ብረት ከራሱ በላይ አንሥቶ የቆመን ሰው የሚመለከት ሁሉ አስቀድሞ የሚያደንቀው ክንዱን ነው። ይሁን እንጂ የሥራው ዋና ባለቤት እግር ነው። በመጋዘን ደጃፍ ኵንታል የሚያነሣውን ሰው ልብ ብሎ ያየ ነጋዴ ይህን ሳይነግሩት ያውቃል፤ ልምድ ያለው ተሸካሚ በጕልበቱ እንጂ በወገቡ አይነሣም።

በኦሊምፒክ ደንብ ሁለት ዓይነት አነሣሥ አለ። አንደኛው ብረቱን ከመሬት በአንድ እንቅስቃሴ ከራስ በላይ ማድረስ ሲሆን፥ ሁለተኛው በትከሻ ላይ ካሳረፉ በኋላ ወደ ላይ ማስፈንጠር ነው። ቀድሞ ሦስተኛም ነበር፤ ይኸውም ጕልበት ሳይታጠፍ በክንድ መግፋት ነው። ነገር ግን ተወዳዳሪዎች ወደ ኋላ እየተለመጡ መግፋት ስላበዙና መዳኘቱም ስለ አስቸገረ፥ እ.ኤ.አ. ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ በኋላ ተሰረዘ።

በማስፈንጠሩ ጊዜ ብረቱ በፊተኛው የትከሻ ክፍል ላይ ያርፋል፤ ክርንም ከብረቱ ፊት ይውላል። ተረከዝ ከመሬት ሳይለቅ፥ ደረትም ቀጥ እንዳለ፥ ጕልበት ጥቂት ይታጠፋል፤ ዝቅታው ከአንድ ስንዝር ባይበልጥ ይሻላል። ወዲያውም እግር በሙሉ ኃይል ይዘረጋል። ብረቱ ከትከሻ ሲላቀቅ አንሺው አንዱን እግር ወደ ፊት፥ ሁለተኛውን ወደ ኋላ ከፍቶ ከሥሩ ይገባና በተዘረጋ ክንድ ይቀበለዋል። አገጩን ወደ ኋላ ያልሳበ ጀማሪ ፊቱን ለማዳን ሲል ብረቱን ወደ ፊት ያርቀዋል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በትከሻና በወገብ ላይ ይወድቃል። ከተቀበሉት በኋላ የታጠፈን ክንድ እየገፉ ማቅናት በደንቡ የተከለከለ ነው። ለመቆም አስቀድሞ የፊተኛው እግር ይመለሳል፤ የኋለኛው ይከተላል።

በዚህ ዓይነት አነሣሥ፥ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል፥ በ60 ኪሎ ክፍል የተወዳደረው የቱርኩ ናይም ሱሌይማኖግሉ 190 ኪሎ አነሣ፤ ይህም ከገዛ ክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሸክም ክንድ ብቻውን አይገፋውም።

የወንዶች ብረት ባዶውን 20 ኪሎ፥ የሴቶች 15 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ መጀመሪያ በመጥረጊያ እንጨት መለማመድ ይገባል። ወጣቶች ይህን እንደ ውርደት ይቈጥሩታል፤ ኪሎ ለመጨመር የሚያጣድፏቸው አሠልጣኞች ግን ከእነርሱ ይልቅ ይወቀሳሉ። በመጀመሪያው ቀን ሊያስተምሩ የሚገባቸው አንድ ነገር አለ፤ ያልተሳካውን ብረት ወደ ፊት ለቆ፥ ፈጥኖ ወደ ኋላ መራቅ።