ሰው ሳይኖርበት እንደራሴ ይልክ የነበረው ኮረብታ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ለትምህርት ወይም ለጉብኝት ወደ እንግሊዝ አገር የሄዱ እንደ ሆነ፣ በደቡብ በኩል ወደምትገኘው ሶልዝበሪ ወደምትባለው ከተማ ጎራ ይበሉ። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዙ ሣር የለበሰ ትልቅ ኮረብታ ያያሉ። ዙሪያው የጥንት ሰዎች በቆፈሩት ጉድብና በካቡት አፈር የታጠረ ነው፤ በመካከሉም የፈረሰ ግንብ ይታያል። ስሙ ኦልድ ሴረም ይባላል። ይህ ባዶ ኮረብታ ለብዙ ዘመን ሁለት እንደራሴዎችን ወደ ሎንዶን ምክር ቤት ይልክ ነበር ብንልዎ ያምኑናልን?

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንነግርዎታለን። በ11ኛው መቶ ዓመት ኦልድ ሴረም የንጉሥ ግንብና ካቴድራል የነበረው የታወቀ ከተማ ነበር። ነገር ግን ውሃው ጥቂት፣ ነፋሱም ብርቱ ስለ ነበር፣ ካህናቱም በግንቡ ካሉት ወታደሮች ጋራ ስላልተስማሙ፣ በ1220 ከኮረብታው በታች ባለው ሜዳ ለአዲስ ካቴድራል መሠረት ተጣለ። ሕዝቡም ቤተ ክርስቲያኑን ተከትሎ ወረደ፤ የዛሬዋ ሶልዝበሪም በዚያ ተቆረቆረች። አሮጌው ከተማ እየፈረሰ ሲሄድ፣ በ1295 ያገኘው እንደራሴ የመላክ መብት ግን አልፈረሰም።

ታዲያ ማን ይመርጥ ነበር? በዚያ ስፍራ የመምረጥ መብት የተሰጠው ለነዋሪው ሳይሆን ለተወሰኑ የመሬት ቁራሾች ነው። መሬቱን የያዘ ሰው እዚያ ባይኖርም ይመርጣል። ስለዚህ መሬቱን ሁሉ የገዛ ባለጸጋ፣ የምርጫው ቀን ሲቃረብ ቁራሾቹን ለሚያምናቸው ሰዎች ያድላል፤ እነርሱም በሜዳው ላይ ካለው አንድ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጌታቸው ያዘዛቸውን ሁለት ሰዎች ይመርጣሉ። ያ ዛፍ «የፓርላማው ዛፍ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ተወዳዳሪ የሚቀርብበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር። በመጨረሻው ዘመን የመራጮቹ ቁጥር 11 ብቻ ነበር።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይህን ኮረብታ በህንድ ንግድ የከበረው ቶማስ ፒት ገዛው። በ1735 የልጅ ልጁ ዊልያም ፒት በዚሁ ወረዳ ምክር ቤት ገባ። ታላቅ ወንድሙ በሁለት ስፍራ ስለ ተመረጠ አንዱን ወንበር ለቆለት ነው። ዊልያም ኋላ አገሩን በሰባቱ ዓመት ጦርነት የመራ ታላቅ ሰው ሆነ። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ እርሱ ራሱ በ1766 በምክር ቤት ተነሥቶ፣ እንዲህ ያለው ውክልና የሕገ መንግሥቱ የበሰበሰ ክፍል እንደ ሆነና መቶ ዓመት እንደማይቆይ ተናገረ። በበሰበሰው በር የገባው ሰው በሩ መበስበሱን መሰከረ ማለት ነው።

ኋላም ከ100 ሺህ ሕዝብ በላይ የነበራት የፋብሪካ ከተማ ማንቸስተር አንድም የራስዋ እንደራሴ አልነበራትም። በነሐሴ 1819 መብት ለመጠየቅ በአደባባይዋ የተሰበሰበው ሕዝብ በፈረሰኛ ጦር ተጨፍልቆ ብዙ ሰው ሞተ።

በመጋቢት 1831 ሎርድ ጆን ረስል የማሻሻያውን ሕግ ለታችኛው ምክር ቤት አቀረበ። ሕጉ በሁለተኛው ንባብ 302 ለ301 ሆኖ በአንድ ድምፅ ብቻ አለፈ! ቢሆንም ኋላ ተሰናከለና ምክር ቤቱ ፈርሶ አዲስ ምርጫ ተደረገ። ሕጉ እንደ ገና ቢቀርብ፣ በጥቅምት 1831 የመኳንንቱ ምክር ቤት 199 ለ158 ጣለው። በብሪስቶልና በኖቲንግሃም ሁከት ተነሣ፤ ቤቶችም ተቃጠሉ። በመጨረሻ፣ መኳንንቱ እንቢ ቢሉ ንጉሡ አዳዲስ መኳንንት ሊሾም መስማማቱ ስለ ተሰማ፣ ተቃዋሚዎቹ ተለሳለሱ፤ ሰኔ 7 ቀን 1832 ሕጉ ጸደቀ። ኦልድ ሴረምን ጨምሮ 56 ወረዳዎች እንደራሴዎቻቸውን ሁሉ አጡ፤ ማንቸስተር፣ በርሚንግሃምና ሊድስ ግን ሁለት ሁለት እንደራሴ አገኙ።

ይሁን እንጂ ሥራው በዚህ አላለቀም። አብዛኛው ሠራተኛ ገና አይመርጥም ነበር። ድምፅ በምስጢር መስጠት የተፈቀደው በ1872 ነው፤ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ያገኙትም በ1928 ነው።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። ለመሬት ድምፅ መስጠቱ፣ ከዛፍ ሥር መመረጡ፣ ሁሉም በሕግ የተፈቀደ ነበር። መዝገቡ ትክክል፣ ማኅተሙም በቦታው ነበር። የጎደለው ሕዝቡ ብቻ ነው። እርስዎም ነገ በቢሮዎ ተቀምጠው «ደንቡ እንዲህ ይላል» ብለው ከመፈረምዎ በፊት፣ ደንቡ የወጣለት ሰው ዛሬም በስፍራው መኖሩን ይጠይቁ።