ሞላ፣ ዘይትና አየር፦ የአገር አቋራጭ ተራራ ብስክሌት ፊዚክስ

ለዳገት የሚሠራ ብስክሌት ቀላል መሆን እንዳለበት የሚጠራጠር የለም። ሽቅብ የሚወጣ ብስክሌተኛ እያንዳንዷን ኪሎ ግራም ከምድር ስበት ጋር እየታገለ ይሸከማልና። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የወንዶቹን የአገር አቋራጭ ተራራ ብስክሌት ውድድር ያሸነፈው የቼክ ሪፐብሊኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ የጋለበው ከፊትም ከኋላም ሾክ አብዞርበር ያለውን ብስክሌት ነበር። በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የስዊዘርላንዱ ኒኖ ሹርተር፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክም እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ በዚሁ ዓይነት ብስክሌት ወርቅ ወስደዋል። የኋላው ሾክና ማጠፊያዎቹ ግን ከካርቦን ፋይበር በተሠራ ብስክሌት ላይ እንኳ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይጨምራሉ። ሰከንድ ለሚቆጥር ተወዳዳሪ ይህ ትርፍ ሸክም ምን ይጠቅመዋል?

በመጀመሪያ ዕዳውን እናስላ። 1 ኪሎ ግራም 100 ሜትር ከፍታ ላይ ለማድረስ 981 ጁል ያስፈልጋል። በ250 ዋት የሚጋልብ ሰው ይህን ለመክፈል 4 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ሾኩ በእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት የሚወስደውን 4 ሰከንድ በሌላ ቦታ ካልመለሰ ኪሳራ ነው ማለት ነው።

ሾኩ የሚመልሰው

ከነልብሱ 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌተኛ እናስብ። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው፣ ማለትም 39 ኪሎ ግራሙ፣ በኋላው ጎማ ላይ ያርፋል እንበል። ብስክሌተኛው በሰከንድ 6 ሜትር እየተጓዘ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዛፍ ሥር ያጋጥመዋል። ጎማው ከሥሩ ግርጌ እስከ አናቱ ለመድረስ ያለው ጊዜ የሰከንድ 1/40ኛ ብቻ ነው። የጎማው ላስቲክም ሆነ የጋላቢው ጉልበት ፈጽሞ የማይተጣጠፍ ቢሆን፣ ሰውነቱ በዚህች ቅጽበት 4 ሴንቲ ሜትር መነሣት ይኖርበታል። የፍጥነቱ ለውጥ (ሽምጠቱ) አንድ ወጥ ነው ብለን ስናሰላ ከምድር ስበት 13 እጥፍ ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ኃይልም ወደ 5,000 ኒውተን ይደርሳል።

ሾክ ሲኖር ግን የሚነሣው ጎማው ነው፤ ሰውነት በኢነርሺያው ምክንያት ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ከዚህ በታች በምናሰላው ሞላ በሰውነት ላይ የሚጨመረው ኃይል 610 ኒውተን ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከቀድሞው ስምንት ጊዜ ያነሰ ነው። ጎማው የሥሩን ማዶ ሲወርድ ደግሞ ሞላው ካጠራቀመው ኢነርጂ አብዛኛውን ይመልሳል። ከመሬት ያልተለየ ጎማ ፍሬን ይይዛል፣ ይታጠፋል፣ ወደፊትም ይገፋል። ተወዳዳሪው ለ1 ኪሎ ግራሙ የሚከፈለው በዚህ ነው።

የመነሻ ዝቅታ

ሞላው ግን በጋላቢው ክብደት ልክ መስተካከል አለበት። ጋላቢው ሲቀመጥ ሾኩ በጥቂቱ ዝቅ ማለት ይገባዋል፤ አለዚያ ጎማው ጉድጓድ ሲያጋጥመው ተከትሎ የሚወርድበት ርቀት አይኖረውም። የኋላ ጎማው እንቅስቃሴ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን 25 በመቶው፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትሩ፣ ጥሩ መነሻ ነው። የ39 ኪሎ ግራም ክብደት 382 ኒውተን ስለሆነ፣ ለ0.025 ሜትር ሲካፈል የሞላው ጥንካሬ በሜትር 15,300 ኒውተን ገደማ ይሆናል።

የሾኩ ዘንግ እንቅስቃሴ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጎማው ከሾኩ 2.5 እጥፍ ይርቃል፤ በልዋጩ ሾኩ የሚሸከመው ኃይል በ2.5 ተባዝቶ 955 ኒውተን ይሆናል። ፒስተኑ 8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ይህን ለመሸከም 12 ባር ያህል የአየር ግፊት ያስፈልጋል። ልኬቱ ቀላል ነው። በዘንጉ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ወደ ሾኩ አካል አስጠግተው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡ። ሳይንቀጠቀጡ ሲወርዱ ቀለበቷ 10 ሚሊ ሜትር ርቃ ከተገኘች ግፊቱ ትክክል ነው። ከዚያ በላይ ከራቀች አየር ይጨመር፤ ካነሰች ይቀነስ።

እግርና ሞላ ሲገጣጠሙ

አንድ ችግር ይቀራል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደተማርነው በሞላ ላይ የተቀመጠ አካል የራሱ የውዝዋዜ ድግግሞሽ አለው። ለ25 ሚሊ ሜትር ዝቅታ ይህ ድግግሞሽ በሰከንድ 3.15 ጊዜ ይሆናል። ብስክሌተኛው በደቂቃ 90 ጊዜ ፔዳሉን ቢያዞርና በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱ እግሮቹ አንድ አንድ ጊዜ ቢገፉ፣ በሰከንድ 3 ግፊት ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራረቡ! ሕፃን በዥዋዥዌ ላይ እያለ በልኩ ጊዜ የሚገፋው ሰው ውዝዋዜውን እንደሚያጎላው ሁሉ፣ እግርም ሞላውን ያስጨፍረዋል፤ ለመንገዱ የታሰበው ኢነርጂ ወደ ሙቀት ይባክናል። ዝቅታውን ወደ 15 ሚሊ ሜትር ብናሳንሰው እንኳ ድግግሞሹ ወደ 4 ብቻ ከፍ ይላል፤ ሞላውም ይደርቃል።

ስለዚህ መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጥቷል። አንደኛው፣ ካቴናው ሲሳብ የሾኩን መጨመቅ እንዲቃወም የማጠፊያውን ቦታ መምረጥ ነው። ሁለተኛው በመሪው ላይ የሚገኝ ማንሻ ነው፤ ለስላሳ ዳገት ላይ የዘይቱን መተላለፊያ በማጥበብ ሾኩን ያደነድነዋል።

የዘይቱ ሥራ

በሾኩ ውስጥ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ውዝዋዜውን ያረግበዋል። የሚስተካከለውም የመመለሻ ፍጥነቱ ነው። መመለሱ እጅግ ከፈጠነ ብስክሌቱ ጋላቢውን ወደ ላይ ይወረውረዋል። እጅግ ከዘገየ ደግሞ ሾኩ ከአንዱ ጉብታ ሳያገግም ሌላው ይደርስበታል፤ እየሰመጠም ሄዶ በመጨረሻ እንደ ድንጋይ ይሆናል። መቀመጫውን በኃይል ተጭነው ሲለቁት በፍጥነት ተመልሶ፣ ሳይወዛወዝ የሚረጋ ከሆነ ለተስማሚው ቅርብ ነው።

ጎማና ከፍታ

ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱን የሚያገኘው ጎማው ነው። የዛሬው ተወዳዳሪ ከመነዳሪ በሌለው ሰፊ ጎማ፣ በ1.5 ባር ገደማ ግፊት ይጋልባል። እዚህ ላይ ለደጋ ነዋሪ የሚጠቅም ነጥብ አለ። የአየር መለኪያ የሚያነበው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ወለል ላይ የውጭው ግፊት 1.01 ባር ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ 0.77 ባር ያህል ነው። በባሕር ዳርቻ 1.5 ባር የተነፋ ጎማ በተመሳሳይ ሙቀት አዲስ አበባ ሲደርስ 1.74 ባር ያነብባል፤ 16 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። በ12 ባር የተሞላ ሾክ ግን የሚለወጠው በ2 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍታ ሲቀየር እንደገና መለካት ያለበት ጎማው ነው።

ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው፦ ጎማ፣ ዝቅታ፣ መመለሻ። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ለውጦ፣ በዚያው መንገድ ላይ ሞክሮ፣ ውጤቱን በደብተር ማስፈር ይገባል። ሁለቱን በአንድነት የለወጠ ሰው ብስክሌቱ ቢሻለው እንኳ በምን እንደተሻለው አያውቅም።